«ጉሮሮ» አንድ ነው ወይስ ሁለት? በመተንፈሻ አካላት አገላለጻችን ላይ የቀረበ ሂስ

በአቧራና በኬሚካል ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ ወተት ማደል በአገራችን ፋብሪካዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። በአንዳንዱ ድርጅት በኅብረት ስምምነት ሰፍሮ ይገኛል፤ በሌላው ሳይጻፍ ጸንቷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ወተት አቧራ ያጥባል» ይባላል። ከየት ነው የሚያጥበው? ከሳንባ። በየትኛው መንገድ ሄዶ? በጉሮሮ በኩል። ይህ ሂስ የሚያተኩረው በሦስተኛው መልስ ላይ ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ወተቱ አይጎዳም፤ ሠራተኛውም ይወደዋል። ይሁን እንጂ በዚህ አንድ ብርጭቆ ወተት ላይ ስለ ሰውነት አሠራር የተያዘ አንድ ግንዛቤ ተንጠልጥሏል፤ ግንዛቤውም የተሳሳተ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ የጤና ባለሙያው የሚያስተምርበት ሥዕልም ሆነ የሚያስረዳበት ቃል ስሕተቱን ሲያርም አለመታየቱ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ያጸናዋል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ጉዳዩን ለመመልከት የተመቸ ስፍራ ነው። በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድና በአቃቂ ወንዝ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የመለዋወጫ ዕቃ፣ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲተከሉ ኖረዋል። ከአንጋፋዎቹ አንዱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመውና በኋላ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተባለው ነው። በዚህ አንድ ክፍለ ከተማ የጥጥ ብናኝ፣ የዱቄት ብናኝ፣ የብረት ብናኝና የብየዳ ጢስ የሚተነፍሱ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመተንፈሻ አካላት ትምህርት በተግባር ሊፈተን የሚገባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። በአማርኛ «ጉሮሮ» እጅግ ሰፊ ቃል ነው። ምግብ በጉሮሮ ይወርዳል፤ ድምፅ ከጉሮሮ ይወጣል፤ ትንፋሽም በጉሮሮ ያልፋል። ጉንፋን የያዘው «ጉሮሮዬን» ይላል፤ የተጠማ ጉሮሮውን ያረጥባል፤ የሰውን መተዳደሪያ የነጠቀ «ጉሮሮ ዘጋ» ይባላል። ከአፍና ከአፍንጫ ኋላ ላለው የጋራ መተላለፊያ፣ ሐኪሞች ፋሪንክስ ለሚሉት፣ ቃሉ በትክክል ይስማማል፤ እዚያ ላይ ምግብም አየርም በእርግጥ በአንድ ደጃፍ ያልፋሉና። ችግሩ ቃሉ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። ከደጃፉ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ «ጉሮሮ» ግን ሁለቱንም እየጠራ እስከ ደረት ይወርዳል። በፊት በኩል ማንቁርትና የአየር ቧንቧ አሉ፤ በኋላ በኩል የምግብ ቧንቧ አለ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት መንገዶች በሰሚው አእምሮ አንድ መንገድ ቢሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ቃሉ ያደበላለቀውን ሥዕሉ ሊለየው በተገባ ነበር። በየጤና ተቋሙ ግድግዳና በየመማሪያ መጽሐፉ የሚታየው የተለመደው ሥዕል ግን በአፍንጫ ጀምሮ በማንቁርት፣ በአየር ቧንቧና በቅርንጫፎቹ አድርጎ ሮዝ ቀለም በተቀቡ ሁለት ሳንባዎች ያበቃል። የምግብ ቧንቧው የለበትም። የት ሄደ ቢባል፣ የምግብ መፍጫ አካላት በሚለው ሌላ ሥዕል ላይ ነው፤ በዚያኛው ደግሞ የአየር ቧንቧው ተሰርዟል። ሰውነትን ሥርዓት በሥርዓት ከፋፍሎ ማስተማር ለተማሪው ፈተና ይመቻል፤ ለማስታወስም ይቀላል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ ሁለቱ ቧንቧዎች ጎን ለጎን የቆሙበትና መንገዳቸው የሚገናኝበት ቦታ፣ ማለትም ለወተቱ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ብቸኛ ቦታ፣ ከሁለቱም ሥዕሎች ውጭ ይቀራል። ሠራተኛው ሁለቱን ሥዕሎች በተለያየ ግድግዳ ላይ አይቶ በሐሳቡ አንዱን ባንዱ ላይ ቢደርበው፣ አንድ ቧንቧ ብቻ ያገኛል።

እውነተኛው አወቃቀር ከሥዕሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። የአየር ቧንቧ በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ16 እስከ 20 የሚደርሱ የቅርጫጭት ቀለበቶችም ክፍት አድርገው ይይዙታል። ቀለበቶቹ ሙሉ ክብ አይደሉም፤ የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስል በኋላ በኩል ክፍት ናቸው። ክፍት የሆኑትም ወደ ምግብ ቧንቧው በኩል ነው። ጎረቤታሞቹ በስስ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው፣ አንዱ ሁልጊዜ ተከፍቶ፣ ሌላው ጉርሻ እስኪመጣ ድረስ ተኮማትሮ ይኖራሉ። በመዋጥ ጊዜ ማንቁርት ወደ ላይ ይሳባል፤ ኤፒግሎቲስ የተባለው ክዳን ይጎነበስበታል፤ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፤ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል። ይህ ሁሉ ጥበቃ የተደራጀው ከሚዋጠው አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ሳንባ እንዳትገባ ነው። ወተት ሳንባን ያጥባል ማለት ይህን ጥበቃ ሁሉ አልፎ ይገባል ማለት ይሆናል።

የአገራችን ሰው ይህን አይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። በዓል በመጣ ቁጥር በየጓሮው በግ ይታረዳል፤ ልጆች ከብበው ያያሉ። ሳንባው ከነአየር ቧንቧው ተያይዞ ሲወጣ፣ ልሙጡና ልፍስፍሱ የምግብ ቧንቧ ደግሞ ከጨጓራው ጋር ለብቻው ሲጎተት ያላየ ጥቂት ነው። አንደኛው ሲነኩት ቀለበቱ ይሻክራል፤ ሌላው ይተጣጠፋል። የትኛውም ከውጭ የመጣ ሥዕል ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። የጤና ትምህርታችን ግን ይህን የጓሮ ዕውቀት ትቶ ስሙን በባዕድ ቋንቋ ከጻፈው ሥዕል መጀመርን መርጧል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ በራሱ በቋንቋው ውስጥ አለ፤ ይኸውም «ትንታ» የሚለው ቃል ነው። ውኃ ሲጠጣ የሳቀ ሰው ትን ይለዋል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ ያስላል፤ ጀርባውን ይመቱታል። ትን ማለት ምን እንደሆነ ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያሻም። ቃሉ በውስጡ የያዘው ግን ሙሉ የአናቶሚ ትምህርት ነው፤ መንገዱ ሁለት መሆኑን፣ አንደኛው ፈሳሽ የማይቀበል መሆኑን፣ ሲገባበትም ሰውነት በኃይል እንደሚያስወጣው ይናገራል። «ጉሮሮ» ያዋሐደውን «ትንታ» ይለያየዋል። ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ «ወተቱ ሳንባህ ቢደርስ ኖሮ በእያንዳንዱ ጉንጭ ትን ይልህ ነበር» ቢባል፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስልም። አዲስ የሙያ ቃል ከመፍጠር በፊት ያለውን መመርመር ይገባ ነበር ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የመተንፈሻ አካላትንና የሕመማቸውን ስያሜ ከተነካካ አይቀር ሌሎቹም መታየት አለባቸው። ኒሞኒያን «የሳንባ ምች» ማለት በጤና ትምህርት ጽሑፎች ሁሉ የጸደቀ ስም ሆኗል። ይሁንና «ምች» በሕዝቡ ዘንድ ባዶ ቃል አልነበረም። ፀሐይ ወይም የምግብ ሽታ የመታው ሰው የሚይዘው፣ ዳማ ከሴ ታሽቶ የሚታከም ሕመም ነበር፤ ነውም። ስሙ ለኒሞኒያ ሲሰጥ መድኃኒቱም አብሮት መሄዱ አይቀርም። «ነቀርሳ» ደግሞ የሳንባ ቲቢን ሲጠራ ኖሮ ካንሰርንም ይጠራል፤ «ሳንባዬ ላይ ነቀርሳ ተገኘ» ያለ ታካሚ በስድስት ወር ሊድን የሚችል ሕመም ይዞት ይሁን ሌላ፣ ከቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም። «እንጥል» የሁሉም ልብ የሚያሳዝን ታሪክ አለው። በአፍ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሕዝቡ በስም ለይቶ በሚገባ የሚያውቀው ይህ ነው፤ በማወቁም «ወረደ» እያለ የሕፃናትን እንጥል ሲያስቆርጥ ኖሯል። የአካል ስም ማወቅ በራሱ ጥበቃ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ወደ አቧራው እንመለስ። «ቧንቧ» የሚለው ዘይቤ እስከ ደረት መግቢያ ድረስ ያገለግላል፤ ከዚያ በታች ግን ያሳስታል። ቧንቧ ይዘጋል፣ ይጠረጋል፣ በውኃ ይታጠባል። የአየር መተላለፊያው ግን ወደ ሁለት፣ ሁለቱም እንደገና ወደ ሁለት እየተከፈሉ፣ ኤዋልድ ቫይበል እ.ኤ.አ. በ1963 ባቀረበው አቆጣጠር 23 ጊዜ ያህል ይከፋፈላል። ዲያሜትራቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያንስ ቅርጫጭታቸውን ያጣሉ፤ የሚቀራቸው ለስላሳ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻም ይኮማተራል። መጨረሻ ላይ ያሉት የአየር ከረጢቶች ቀድሞ 300 ሚሊዮን ሲባሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ቆጠራ በአማካይ 480 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ይህን የሚያጥብ ፈሳሽ ቢገኝ እንኳ ሰውየውን ያሰጥመዋል።

አቧራ በዚህ ዛፍ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በመጠኑ ይወሰናል። ከ10 ማይክሮ ሜትር የሚተልቀው ባመዛኙ በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ከ5 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነው እስከ ጥቃቅን ቅርንጫፎችና እስከ ከረጢቶቹ ይዘልቃል። በትልልቆቹ መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ ሲልያ የተባሉ ጥቃቅን ጸጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ ንፍጡን ከያዘው አቧራ ጋር ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይገፋሉ። ከረጢቶቹ ግን ሲልያ የላቸውም፤ የጽዳቱ ሥራ የነጭ ሕዋሳት ነው፤ እሱም ዝግ ያለ ነው። እንግዲህ በዓይን የሚታየው፣ በቅንድብና በልብስ ላይ የሚነጣው አቧራ ሠራተኛውን ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሠራተኛዋ አፍንጫዋ ላይ የምትጠመጥመው ሻሽ ወይም ነጠላ ትልቁን ይይዛል፤ ደቃቁን ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ለወተቱም ፍትሕ መስጠት ይገባል። ሲልያዎቹ ወደ ላይ የገፉት ንፍጥ ጉሮሮ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይዋጣል፤ ስለዚህ የተተነፈሰው አቧራ ከፊሉ በመጨረሻ ሆድ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። በአቧራ የደረቀ ጉሮሮም በወተት ሲርስ የሚሰማው ዕረፍት እውነተኛ ዕረፍት ነው። ልማዱ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው ከስሜት ጋር ስለተስማማ ይመስላል። «ተሻለኝ» የሚለው ሠራተኛ አይዋሽም፤ የተሻለው ግን ፋሪንክሱ እንጂ ሳንባው አይደለም።

ሳንባው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጥጥ ጥሩ ምስክር ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 በታተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ የተልባ እግርና የቃጫ አበጣሪዎችን ሳል መዝግቦ ነበር። በጥጥ ሠራተኞች ላይ የሚታየው ሕመም ቢሲኖሲስ ይባላል፤ ምልክቱም ከዕረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረት መጨነቁና ትንፋሽ ማጠሩ ነው። መነሻ ናቸው ከሚባሉት መካከል ከጥጡ ጋር የሚመጡ የባክቴሪያ ኢንዶቶክሲኖች ዋናውን ቦታ ይይዛሉ። ጉዳቱ የሚያርፈው ቅርጫጭት በሌላቸው ጥቃቅን መተላለፊያዎች ላይ በመሆኑ በሽታው ሲጀምር የደረት ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ኢንደስትሪያል ሜዲሲን የታተመ፣ በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ595 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብሎው ሩም በሚባለው የጥጥ መፍቻ ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ ጥጥ በሚባዘትበት የካርዲንግ ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶ ቢሲኖሲስ እንዳለባቸው አረጋግጧል። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። በአንድ ፈረቃ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል እንኳ የትንፋሽ መጠናቸው ሲቀንስ ተለክቷል። በአቃቂው ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናትም፣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ አልፈው ችግሩ አለመወገዱን አሳይቷል።

የአናቶሚው አነጋገር ሕክምናውን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የሚያስል ጎልማሳ ሲቀርብ አክታው ለቲቢ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ቲቢ በበዛበት አገር ሌላ አካሄድ አይጠበቅም። አክታው ነጻ፣ ራጁም ነጻ ሲሆን ግን «ቧንቧው ንጹሕ ነው» የሚል ድምዳሜ ይከተላል፤ ታካሚውም የብሮንካይት ወይም የአስም መድኃኒት ይዞ ወደዚያው አቧራ ይመለሳል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሕመሙ የሚብስብህ በየትኛው ቀን ነው?» የሚል። ይህንንም ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ «ሰኞ ሰኞ ይብስሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በሦስት ፈረቃ በሚሠራ ፋብሪካ የዕረፍት ቀን ይዞራል፤ የአንዱ ሰኞ የሌላው ሐሙስ ነው። «ከዕረፍት በተመለስክበት ቀን» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ሠራተኛው በቅንነት «አይ፣ ሰኞ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ምርመራውም በዚሁ ይዘጋል።

ወተቱን የሚከላከሉ ሰዎች ያላቸው ክርክር ቀላል አይደለም። ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ በየቀኑ የሚታደል ወተት ምግብ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ተከራክሮ ያገኘውን ሐኪም መጥቶ ቢያስወስድበት የሚያመሰግን የለም። ልማዱም የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት በጎጂ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች ወተት በሕግ ይሰጥ ነበር። ወተቱ ይቅር የሚል ክርክር እዚህ የለም። የሚቃወሙት ነገር ቢኖር ወተቱ የያዘው ቦታ ነው። አሠሪው «መከላከያ አቅርቤአለሁ» ሲል ከጓንትና ከቦት ጫማ ጎን ወተትን ከቆጠረ፣ ሠራተኛውም ጠጥቻለሁ ብሎ ጭምብሉን ካወለቀ፣ አየር መሳቢያው መሣሪያ ሳይጠገን የሚከርምበት ሰበብ ተገኘ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። የፋብሪካ ክሊኒክ ባለሙያ ወተት ሳንባ እንደማይደርስ በቃልም በጽሑፍም ካልተናገረ፣ ይህን ድንጋጌ በፋብሪካው ውስጥ በሕክምና ቋንቋ የሚያስረዳ ሌላ ሰው የለም።

ለአቃቂ ቃሊቲ የሚስማማ ሥዕል ለመሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይሳሉ፤ ስማቸው በአማርኛ ይጻፍ፤ በኋለኛው ውስጥ ወተት ወደ ጨጓራ ሲወርድ፣ በፊተኛው ውስጥ የጥጥ ብናኝ በየመጠኑ የሚቆምበት ቦታ ይታይ። በመገናኛው ላይ፣ ክዳኑ ካለበት ዘንድ፣ «ትንታ» ተብሎ ይጻፍ። ሳንባውንም ሮዝ ብቻ ማድረግ አያስፈልግም፤ በማገዶ ጢስ ያደገና በብናኝ ውስጥ የኖረ ሰው ሳንባ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለው አስከሬን የመረመረ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ከሥሩ ደግሞ ሠራተኛው ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባ ሁለት ነገር ይስፈር፤ የሚሠራበት ክፍልና ደረቱ የሚጨነቅበት ቀን።